ፕሮፌሰር ሊ ሎርች፦ ስለ ሒሳብ ሊቁና ስለ ትግላቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለ2ኛ ደረጃ ተማሪዎች የሒሳብ ጥናት ክበብ አለን። ግድግዳችን ላይ የሒሳብ ሰዎች ምስል ተሰቅሏል። ኒውተንን ሁሉም ያውቃል። ኦይለርንም የሚያውቅ አይጠፋም። ሎርች ጋ ሲደርስ ግን ተማሪውም ወላጁም "እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?" ይላል። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቀም "ዓ.ም." እጨምርበታለሁ።

በአጭሩ ማን ናቸው?

በ1915 ኒው ዮርክ ተወልደው በ2014 ቶሮንቶ ላይ በ98 ዓመታቸው ያረፉ አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር ናቸው። ነጭ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭን መለየት በሕግም በልማድም በጸናበት ዘመን ከጥቁሮች ጎን ቆሙ። በዚህ የተነሳ ሥራቸውን ደጋግመው አጡ። በመጨረሻም አገራቸው ውስጥ የሚቀጥራቸው ጠፍቶ ካናዳ ገቡ።

ፖለቲካ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ንግግርና ሰልፍ ነው። ሎርች እሱንም አድርገዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። እጃቸው ላይ የነበረውን ነገር ሰጡ። የቤታቸውን ቁልፍ ሰጡ፣ ስማቸውን ሰጡ፣ የእንጀራ ገመዳቸውንም ሰጡ። እኚህን ሰው ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው ለዚህ ነው።

የት ተማሩ?

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አገኙ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ደግሞ በ1941 ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ። አማካሪያቸው ከሃንጋሪ የመጡት ኦቶ ሳስ ነበሩ። ከዚያ በአቪዬሽን ምርምር መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ሥራው ከውትድርና ነጻ የሚያደርግ ነበር። እሳቸው ግን ለቀው ተራ ወታደር ሆነው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገቡ። በ1943 ግሬስ ሎነርጋን የምትባል የቦስተን መምህርት አገቡ። ስለ ግሬስ ወደታች በሰፊው አወራለሁ፣ ይገባታልና።

የስታይቨሰንት ታውን ጉዳይ ምንድን ነው? ለምን ይህን ያህል ይወራል?

እኛ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ይህን ታሪክ ቶሎ የምንረዳው ይመስለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ የቤት ችግር ከፍቶ ነበር። ሎርች ራሳቸው ከባለቤታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ለወታደር በተሠራ የቆርቆሮ መጠለያ ግማሽ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በዚያ ጊዜ ሜትሮፖሊታን ላይፍ የሚባል የኢንሹራንስ ኩባንያ ማንሃተን ላይ ግዙፍ የመኖሪያ መንደር ሠራ። ከ8,700 በላይ ቤቶች ያሉት ነው። ስሙ ስታይቨሰንት ታውን። ቅድሚያ የሚሰጠው ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ነበር።

ቦታው ባዶ አልነበረም። ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ከተማው ብዙ ሺህ ነዋሪዎችን አስነሥቶ መሬቱን ለኩባንያው አስረከበ። የግብር እፎይታም ሰጠው። እኛ ሰፈር "የልማት ተነሺ" የምንለው ዓይነት ነገር ነው። እንግዲህ በሕዝብ መሬትና በሕዝብ ገንዘብ የተደገፈ መንደር ሆኖ ሳለ፣ ኩባንያው ጥቁሮችን አላከራይም አለ። የኩባንያው አለቃ ፍሬድሪክ ኤከር ጥቁርና ነጭ አይቀላቀሉም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። አብሮ ተዋግቶ የመጣ ጥቁር ወታደር ማመልከቻው ገና በር ላይ ይመለስ ነበር።

ሎርች ቤት አገኙ። የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ቋሚ ሥራ አላቸው፣ ነጭ ናቸው። ምንም የሚጎድላቸው ነገር አልነበረም። ዝም ብለው መኖር ይችሉ ነበር። ቤት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ፣ ቁልፉ እጅ ሲገባ ሰው እንዴት እንደሚሆን እዚህ ሰፈር ለማንም አይነገርም። ቁልፉን ባገኘ ማግሥት ከአከራዩ ጋር የሚጣላ ስንት ሰው አለ?

እሳቸው ግን ተጣሉ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው አድልዎው እንዲቀር የሚታገል የተከራዮች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ምክትል ሊቀመንበርም ሆኑ። ኮሚቴው ነዋሪውን ሲጠይቅ አብዛኛው ጥቁሮች ቢገቡ አልቃወምም አለ። "ነዋሪው አይፈልግም" የሚለው ሰበብ ውሸት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ቢሆንም በአድልዎው ላይ ክስ ቀርቦ በ1949 የኒው ዮርክ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደለት። 4 ለ 3 ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ?

መጀመሪያ ሥራቸውን አጡ። በዚያው በ1949 ኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ውላቸውን አላድስም አለ። ሥራ ያገኙት ሌላ ግዛት፣ ፔንሲልቬኒያ ስቴት ኮሌጅ ነበር። ስለዚህ ከኒው ዮርክ መውጣት ግድ ሆነባቸው።

ቤቱንስ? አልመለሱትም። አንድ ጥቁር ቤተሰብ፣ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር፣ "እንግዶቻችን ናቸው" ብለው አስገቡበት። ተከራይ እንግዳ ማስገባት ይችላል። ኩባንያው ማመልከቻ ይመልሳል እንጂ እንግዳ በምን ይከለክላል? ፍርድ ቤት ያልከፈተውን በር አንድ ቁልፍ ከፈተው። ይህን ለክበቡ ልጆች ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ይሞላል።

ኩባንያው የኪራይ ቼካቸውን አልቀበልም አለ። ዜናው ፔንሲልቬኒያ ድረስ ደረሰ። ኮሌጁ ጠራቸውና ስለ ቤቱ መረመራቸው። በ1950 ውላቸው እንደማይታደስ ተነገራቸው። የተሰጣቸው ምክንያት ቤታቸውን ለዚያ ቤተሰብ መስጠታቸው ጽንፈኛ፣ ሕገወጥና ሥነ ምግባር የጎደለው፣ የኮሌጁንም ስም የሚጎዳ ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ። አስተማሪነታቸው ላይ ቅሬታ የለም፤ ሒሳባቸው ላይም የለም። ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

ትግሉ ውጤት አመጣ?

አዎ፣ ግን ቀስ ብሎ። በ1950 ኩባንያው ጥቂት ጥቁር ተከራዮችን እቀበላለሁ አለ። በዚያው አፉ የኮሚቴውን ሰዎች ከቤታቸው ለማስወጣት ተነሣ። ጉዳዩ እስከ 1952 ቆይቶ በስምምነት አለቀ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች እዚያው ቆዩ። ሎርች ቤታቸውን ለቀቁ። በእንግድነት የገባው ቤተሰብም በራሱ ስም ውል ተፈራርሞ መኖር ጀመረ።

በ1951 የኒው ዮርክ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ በተደገፉ ቤቶች አድልዎ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በአገር ደረጃ የቤት አድልዎን የሚከለክል ሕግ እስኪወጣ ግን እስከ 1968 መጠበቅ ነበረበት።

"የእራት ግብዣው" የሚባለውስ?

በ1950 ሎርች ናሽቪል፣ ቴነሲ ውስጥ ያለው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ፊስክ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1951 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የደቡብ ምሥራቅ ቅርንጫፍ እዚያው ናሽቪል ተሰበሰበ። ሎርች ከ3 ጥቁር ባልደረቦቻቸው ጋር ሄዱ። ጥናት ሲቀርብ ተቀምጠው አዳመጡ። እስከዚህ ችግር የለም። በመዝጊያው እራት ላይ ግን አዘጋጁ ቦታ የላችሁም አላቸው። ቦታ አስቀድመው አስይዘው ነበር።

ከተከለከሉት አንዷ ኤቭሊን ቦይድ ነበረች፤ በኋላ ግራንቪል በሚለው ስም የታወቀችው። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1949 በሒሳብ ዶክትሬት የያዘች ሴት ናት። በአሜሪካ ታሪክ በሒሳብ ዶክትሬት ያገኘች ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሷ የሚበልጥ ትምህርት የነበረው ስንቱ ነው? ስለ ተከታታይ ቁጥር አብራችሁን አውሩ፣ አብራችሁን ግን አትብሉ ተባለ። በእኛ ባህል ሰውን ከማዕድ መመለስ ምን እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሎርችና ባልደረቦቻቸው ተናደው ዝም አላሉም። ለሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበራት ጻፉ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አድልዎ የሚከለክል አንቀጽ አስገቡ አሉ። ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይም ጉዳዩ በደብዳቤ ታተመ። ደንቡ አልተቀየረም። ማኅበራቱ ግን አድልዎ የሌለበት አሠራር አወጡ፤ ከዚያ ወዲህም ተከበረ።

ከተማሪዎቻቸው የታወቁ አሉ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ሎርች ፊስክ የቆዩት 5 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ትንሽ ክፍል፣ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎች መካከል፣ በኋላ በሒሳብ ዶክትሬት የያዙ 3 ጥቁር ሴቶች ወጡ። በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ እንዲህ ያሉ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ቪቪያን ማሎን ሜይስ ፊስክ የገባችው ሐኪም ለመሆን ነበር። ኤቭሊን ቦይድና ሎርች ወደ ሒሳብ ሳቧት። በ1961 በትውልድ ከተማዋ ያለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት አልቀበልሽም አላት። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያም አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ጥቁር አላስተምርም ብለው ከክፍላቸው ከለከሏት። ቢሆንም በ1966 ዶክትሬቷን ያዘች። በዚያው ዓመት ያው ቤይለር በመምህርነት ቀጠራት። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዋ ጥቁር መምህርት ሆነች።

ግሎሪያ ሂዊት በ1956 ከፊስክ ስትመረቅ ስለ ዶክትሬት አላሰበችም ነበር። ሎርች ለእሷ ሳይነግሯት ለሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላት። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥሪ መጣላት። በ1962 ዶክትሬቷን ያዘች። በኋላ በሞንታና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነች።

ኢታ ፋልኮነር በ1953 ከፊስክ ተመረቀች፤ በ1969 ከኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያዘች። ከዚያ በላይ የሚያኮራው በስፔልማን ኮሌጅ የሠራችው ነው። ስፔልማን የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው። ፋልኮነር ለአሥርት ዓመታት እዚያ አስተምራ ሌሎች ሴቶች ወደ ሒሳብና ሳይንስ እንዲገቡ በር ከፈተች።

ለመምህራን ወዳጆቼ አንድ ነገር ልበል። ሎርች ግሎሪያ እስክትጠይቃቸው አልጠበቁም። ጎበዝ የሆነ ልጅ ጎበዝ መሆኑን አያውቅም፤ በተለይ "ይህ ለእንዳንተ ዓይነቱ አይደለም" እየተባለ ያደገ ልጅ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦ፣ ከገላን የሚመጡ ልጆች መካከል ስንቱ ነው ሳይታወቅ የሚያልፈው! አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ኮሚኒስት ነበሩ?

የግራ ሰው ነበሩ፤ አመለካከታቸውንም አይሸሽጉም። በዚያ ዘመን ግን ጥያቄው የሚጠየቀው ለማወቅ ብቻ አልነበረም። ሰውን ከሥራ ለማስወጣት ነበር።

በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ሎርችና ግሬስ ልጃቸውን በሠፈራቸው ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሊያስገቧት ጠየቁ። ተከለከሉ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ምክር ቤት "የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴ" መርማሪ ኮሚቴ መጥሪያ ላከላቸው። ኮሚቴው ፊት ቀርበው ስለ ፓርቲ አባልነት ሲጠየቁ፣ የመናገርና የመደራጀት ነጻነትን የሚያስከብረውን የሕገ መንግሥቱን የመጀመሪያ ማሻሻያ ጠቅሰው ስላለፈው አልመልስም አሉ። ብዙዎች የሚጠቅሱት በራስ ላይ አለመመስከርን የሚፈቅደውን 5ኛውን ማሻሻያ ነበር። እሱ ያስጥላል። ሎርች የመረጡት ግን ጥያቄውን ራሱን "ልትጠይቁኝ መብት የላችሁም" የሚለውን አደገኛውን መንገድ ነው። ምክር ቤቱን በመድፈር ተከሰሱ፤ በ1957 በነጻ ተለቀቁ። ፊስክ ግን ፍርዱን አልጠበቀም። በ1955 አሰናበታቸው።

ሊትል ሮክ ላይ የታየችው ሴት ባለቤታቸው ናት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው።

ከፊስክ በኋላ ሎርች ሊትል ሮክ፣ አርካንሳ ውስጥ በፊላንደር ስሚዝ ኮሌጅ ተቀጠሩ። ይህም የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። በ1957 እዚያ ከተማ 9 ጥቁር ተማሪዎች ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው ሴንትራል 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ተወሰነ። አገረ ገዢው ኦርቫል ፎበስ ወታደር አቁመው ከለከሉ።

ቀኑ ሴፕቴምበር 4 ነው። በእኛ ነሐሴ 29 ቀን 1949 ዓ.ም.። ልጆቹ ተሰባስበው እንዲሄዱ ታስቦ ነበር። ኤልሳቤጥ ኤክፎርድ ግን ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ መልእክቱ አልደረሳትም። የ15 ዓመት ልጅ ናት። ብቻዋን መጣች። ወታደሮቹ አላስገባም አሏት። ሕዝቡ እየጮኸና እየተሳደበ ከበባት። እንደምንም አውቶቡስ ፌርማታ ደርሳ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስድቡ አላቆመም።

ግሬስ ሎርች በዚያ መካከል ገባች። ሕዝቡን ተቆጣች። በዚህ ሥራችሁ አንድ ቀን ታፍራላችሁ አለቻቸው። ከልጅቷ አጠገብ ቆማ አውቶቡስ እስኪመጣ ጠበቀች፣ ይዛት ተሳፈረች። ፎቶ አንሺዎችና ካሜራዎች ነበሩ፤ ምስሉ ዓለምን ዞረ።

ግሬስ ድንገት የተገኘች ሴት አይደለችም። ቦስተን ስታስተምር በ1943 ከሥራ ተባርራለች። ጥፋቷ ማግባቷ ነበር። ያገባች ሴት በቋሚ መምህርነት አትቀጥልም የሚል ደንብ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ አልወጣችም፤ ይግባኝ ጠየቀች። ባልየው ዝነኛ ሆኖ ሚስቲቱ በአንድ መስመር የምትታለፍበት ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁ። በዚህ ቤት ግን ሁለቱም ታጋዮች ነበሩ።

ለዚያች ቀን ከባድ ዋጋ ከፈሉ። ግሬስን የሴኔቱ መርማሪ ኮሚቴ ጠራት። ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ መከራ አየች። ጋራዣቸው ውስጥ ድማሚት ተገኘ። በ1958 ሎርች በእነሱ የተነሳ ኮሌጁ እንዳይጎዳ ብለው ለቀቁ። ግሬስ በ1974 አረፈች።

ካናዳ ለምን ሄዱ?

አሜሪካ ውስጥ የሚቀጥራቸው ስለጠፋ ነው። ከ1959 ጀምሮ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ቶሮንቶ በሚገኘው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1985 ጡረታ ወጡ። በ1968 የካናዳ ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጣቸው። ካናዳም ሆነው የቬትናምን ጦርነትና የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ከመቃወም አላረፉም።

ሒሳባቸውስ? ወይስ ፖለቲከኛ ብቻ ነበሩ?

ይህን የሚጠይቁኝ በአብዛኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ደስ ይለኛል። ሎርች ሥራ እየቀያየሩም፣ እየተከሰሱም ጥናት ከማሳተም አላቋረጡም።

የዶክትሬት ሥራቸው ስለማይቋጩ ድምሮች ነበር። ይህን ውሰዱ፦ 1 − 1 + 1 − 1 + 1 … መጨረሻው ስንት ነው? አንዱን ቁጥር እያስገባችሁ ስትደምሩ 1፣ 0፣ 1፣ 0 ይመላለሳል። አንድ ቦታ አይቆምም። አሁን የመልሶቹን አማካይ ውሰዱ። 1፣ ከዚያ 1/2፣ ከዚያ 2/3፣ ከዚያ 1/2፣ ከዚያ 3/5… ወደ 1/2 እየተጠጋ ይሄዳል። ይህ አንዱ ዘዴ ነው፤ ሌሎች ከዚህ የረቀቁም አሉ። ሎርች እንዲህ ያሉትን ዘዴዎች በፉሪየር ተከታታዮች ላይ አጠኑ። ፉሪየር ማለት ማንኛውንም ሞገድ በሳይንና በኮሳይን ድምር የመጻፍ ጥበብ ነው። ሬዲዮም፣ ስልክም ያለ እሱ አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ብዙ የደከሙበት የቤሴል ፈንክሽኖችን ነው። ክብ ቆዳ ወጥራችሁ ብትመቱ ርግብግቢቱ የሚገለጸው በእነዚህ ፈንክሽኖች ነው። ግራፋቸው እንደ ሳይን ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ እየሄደ ግን ቁመቱ ያንሳል። ዜሮን የሚያቋርጥባቸው ቦታዎችም እኩል አይራራቁም። ቤሴል 1 የሚባለው ዜሮን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፦ 3.8317፣ 7.0156፣ 10.1735፣ 13.3237፣ 16.4706።

ደብተር አውጡና ልዩነታቸውን ፈልጉ። 3.1839፣ 3.1579፣ 3.1502፣ 3.1469። እየቀነሰ ነው። ወደ ምን? ወደ ፓይ፣ 3.1416። አሁን የልዩነቱን ልዩነት ፈልጉ። 0.0260፣ 0.0077፣ 0.0033። እሱም እየቀነሰ ነው። አሁንም የእሱን ልዩነት። 0.0183፣ 0.0044። አሁንም!

ይህ ሥርዓት የሆነ ቦታ ላይ ይበላሻል ወይ? ሎርችና ፒተር ሴጎ በ1963 አክታ ማቴማቲካ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሥራ አይበላሽም ይላል። ምንም ያህል ደረጃ ብትወርዱ ሥርዓቱ ይጸናል፤ ማረጋገጫውንም አስቀመጡ። 1963 እሳቸው ካናዳ ከገቡ ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ያን ሁሉ መከራ ያየ ሰው ተቀምጦ ይህን ሲያወጣ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ያባረሯቸው ይቅርታ ጠየቁ?

የክብር ዲግሪ ሰጧቸው። ሲቲ ኮሌጅ የሚገኝበት የኒው ዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ በ1990 ሰጣቸው። ፊስክ በ1992። በ2007 ደግሞ ቅርንጫፉ ናሽቪል ላይ ከእራት የመለሳቸው ያ የሒሳብ ማኅበር ትልቁን የአገልግሎት ሽልማቱን ሸለማቸው። 56 ዓመት ቆይቶ። እሳቸው ዕድሜ ስለሰጣቸው አዩት። ግሬስ አላየችውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መምህር ፖለቲካ ውስጥ መግባት አለበት ትላለህ?

ይህን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው፤ ለምን እንደሚጠይቁም ይገባኛል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ የወጡትን ተማሪዎች ታሪክ ከቤታቸው የሰሙ አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደምም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን መሰናበታቸውን የሚያስታውሱም አሉ። "ልጄ አርፎ ይማር" የሚል እናት ፍርሃቷ ከባዶ የመጣ አይደለም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ክፍል ውስጥ ፓርቲ አይገባም። ማርክ ላይ፣ መቀመጫ ላይ፣ የጥያቄ ዕድል ላይ የልጁ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የወላጁ ኪስ ቦታ የላቸውም። ግን ይህን ማስከበር ራሱ አንዳንዴ ትግል ይጠይቃል። ደጃፍ ላይ ልጅ ሲመለስ እያየሁ "እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ" ብዬ ሰሌዳዬ ላይ ብጽፍ መምህርነቴን የተውኩት ያኔ ነው። ሎርች ኤቭሊን ቦይድን ከእራት የመለሰውን ማኅበር ሲሞግቱ ከሒሳብ አልወጡም። የሒሳብን ቤት እየጠበቁ ነበር።

ልጆቹን ግን ወደ አደባባይ ውጡ አልላቸውም። ሎርች ያስያዙት የራሳቸውን ቤትና የራሳቸውን ደሞዝ ነው። ቤተሰባቸውም ከእሳቸው ጋር ተጎድቷል፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሰው ልጅን ማስያዝ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ልጄ ስለ እሳቸው ክፍል ውስጥ ማቅረብ ፈልጓል። 10 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። የቱን ይንገር?

ሕይወታቸውን ከልደት እስከ ሞት አይዘርዝር፤ ክፍሉ ያንቀላፋል። ስታይቨሰንት ታውንን ለ4 ደቂቃ ይንገር፤ ሰሚው ሁሉ ስለ ቤት ያውቃል። ግሎሪያ ሂዊትን ለ2 ደቂቃ። የቀረውን ጊዜ የቤሴል ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ልጆቹ ራሳቸው ልዩነቱን እንዲያወጡ ያድርግ። ካልኩሌተር ያለው ስልክ ይበቃል። 5 ቁጥር ብቻ ይጻፍ፣ በ4 ዴሲማል። 4ኛው ደረጃ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚቀር ከ3ኛው በኋላ ይቁም። መቀጠል የሚፈልግ ልጅ ካለ ቅዳሜ ወደ ክበባችን ይምጣ። ቀጣዮቹን ቁጥሮች አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።